ከሎስ አንጀለስ ላስ ቬጋስ በመኪና፦ መንገድ ስንመርጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

በሎስ አንጀለስና በላስ ቬጋስ መካከል የሚመላለስ ሐበሻ ብዙ ነው። ሰርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ዘመድ ጥየቃ አለ። አብዛኛው የሚሄደው በፍሪዌይ 15 ነው። 270 ማይል ገደማ፣ ማለትም 430 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። መንገዱ ክፍት ከሆነ በአራት ሰዓት ወይም በአራት ሰዓት ተኩል ይገባል። ግን ሌሎች መንገዶችም አሉ። አንዱ በፍሪዌይ 15 ላይ ካለችው ትንሽ ከተማ ከቤከር ወደ ሰሜን ታጥፎ በዴዝ ቫሊ ብሔራዊ ፓርክ በኩል ይዞራል። ሌላው የሞሃቪን ጥብቅ ሥፍራ፣ ማለትም ሌላውን የበረሃ ፓርክ፣ የድሮ ባቡር ጣቢያ ባለበት በኬልሶ በኩል አቋርጦ ያልፋል። ሁለቱም ያምራሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የትኛውን፣ መቼ እንደሚሄድበት ሲወስን ነው።

ስልክ ያሳየውን ደቂቃ ብቻ ማመን

ስልካችን "በዚህ በኩል 40 ደቂቃ ይቆጠባል" ሲለን ወዲያው እንታጠፋለን። ከተማ ውስጥ ቢሳሳት ጉዳቱ ትንሽ ነው። በረሃ ላይ ግን ያስከፍላል። በኖቬምበር 2023 ፍሪዌይ 15 ላይ የአቧራ አውሎ ነፋስ ተነስቶ ነበር። ከላስ ቬጋስ ወደ ሎስ አንጀለስ ይመለሱ የነበሩ ሰዎችን ጉግል ማፕ በአቋራጭ ብሎ ወደ በረሃው መራቸው። አስፋልቱ አለቀ፣ አፈሩ ተከተለ፣ መኪኖች ተጎዱ። ኩባንያው በኋላ ይቅርታ ጠይቋል።

ስለዚህ ከመታጠፋችሁ በፊት መንገዱ ቁጥር እንዳለውና አስፋልት መሆኑን እዩ። ካርታውን ቤት ሳላችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱት፤ በሁለቱም ፓርኮች ውስጥ ኔትወርክ በአብዛኛው የለም። የተከራያችሁት መኪና ከሆነ ውሉን አንብቡ። ብዙ አከራዮች ከአስፋልት ውጭ መንዳትን ይከለክላሉ። ወደ ኬልሶ የአሸዋ ክምሮች የሚያስገባው የመጨረሻው ሦስት ማይል ያህል መንገድ ደግሞ አፈር ነው።

መንገዱ ክፍት መሆኑንም በዚያው ጠዋት በፓርኩ ድረ ገጽ ላይ አረጋግጡ። በረሃ ዝናብ የለውም ብሎ መዘናጋት አይገባም። በኦገስት 2023 የሂላሪ አውሎ ነፋስ ባመጣው ጎርፍ ዴዝ ቫሊ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ነበር። የተከፈተው ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ነው፤ ያኔም ሁሉም መንገዶች አልተጠገኑም ነበር።

ወቅቱን መርሳት

እንግዶቻችን የሚመጡት በሰመር ነው፤ ልጆችም የሚያርፉት ያኔ ነው። ስለዚህ የሚያምረውን መንገድ የምናስበው በጣም በከፋው ጊዜ ነው። በዴዝ ቫሊ ፈርነስ ክሪክ ላይ በጁላይ 10 ቀን 1913 የተመዘገበው ሙቀት 56.7 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ሌሊቱም ቢሆን አይበርድም። ፓርኩ ራሱ በሰመር ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ዝቅተኛው ቦታ ላይ በእግር እንዳትሄዱ ይመክራል። ታዲያ ከመኪና መውረድ ካልተቻለ ያ ሁሉ ዙር ለምን? የኔ ሐሳብ ግልጽ ነው። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር በ15 ሂዱ። ዴዝ ቫሊን ከኖቬምበር እስከ ማርች አቆዩት።

በዚያ ወቅት እውነትም ይመቻል። ባድዋተር የሚባለው የጨው ሜዳ ከባሕር ወለል በታች 86 ሜትር ነው። ዳሎልን ያየ ሰው ሲደርስ አፋርን ያስታውሳል። ከዚያ ደግሞ ዳንቴስ ቪው ላይ ወጥታችሁ ያንኑ ሜዳ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆናችሁ ቁልቁል ታዩታላችሁ።

ፍሪዌይ 15 ሁልጊዜ ፈጣን ነው ብሎ ማሰብ

ዓርብ ከሰዓት ወደ ቬጋስ፣ እሁድ ከሰዓት ወደ ሎስ አንጀለስ ከሆነ የአራቱ ሰዓት መንገድ ስድስትና ሰባት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ረጅም የዕረፍት ቀናት ሲሆኑ ይብሳል። እሁድ ምሳ በልቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሦስተኛው ተጠጥቶ የሚነሳ ሰው እዚያ ሰልፍ ውስጥ ነው የሚገባው። አክባሪ ዘመድ ቶሎ አይለቅም፤ ይገባኛል። ግን ቡናውን ቅዳሜ ጠጡት።

አንዳንዶች ሰልፉን ለማምለጥ በኬልሶ በኩል ወደ ፍሪዌይ 40 ይወርዳሉ። 40 ግን ባርስቶው ከተማ ላይ ተመልሶ ከ15 ጋር ይገናኛል። ከዚያ በኋላ ያለው ካሆን ፓስ የሚባለው የተራራ መተላለፊያ መጨናነቅ አይቀርላችሁም። በኬልሶ የምትሄዱት መንገዱን ስለወደዳችሁት ይሁን እንጂ ሰዓት ይተርፈኛል ብላችሁ አትሂዱ።

ነዳጅና ውኃን ለመንገዱ መተው

በሞሃቪ ጥብቅ ሥፍራ ውስጥ ማደያ የለም። ዴዝ ቫሊ ውስጥ አለ፣ ግን ውድ ነው። ባርስቶው ላይ ሙሉ አድርጋችሁ ግቡ። ውኃ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ አራት ሊትር ያዙ።

ፍሪዌይ 15ም ቢሆን ከቤከር በኋላ ረጅም ዳገት አለው። ኤሲ አጥፉ የሚል ምልክት የተተከለው በምክንያት ነው። መኪናችሁ ያረጀ ከሆነ ምልክቱን ስሙት። ሞተሩ መጋል ከጀመረ ኤሲውን አጥፍታችሁ መስኮት ክፈቱና ማሞቂያውን አብሩት። ሙቀቱን ከሞተሩ ይስባል።

የሚያምረውን መንገድ በፈጣኑ መንገድ ሰዓት መጨረስ

ይሄ የሚያሳዝነኝ ስህተት ነው። በዴዝ ቫሊ በኩል መንዳቱ ብቻ ሰባት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሰው ግን ረፋዱ ላይ ተነስቶ ማታ ሰርግ ላይ ለመድረስ ያስባል። ሁሉንም ቦታ ለማየት ይሮጥና አንዱንም ሳያይ ያልፋል። በዲሴምበር ደግሞ ቶሎ ይመሻል። መንገዱ ባለ ሁለት መስመር ነው፤ መብራት የለውም፤ እንስሳ ድንገት ይገባል። በዴዝ ቫሊ ከሙቀቱ ይልቅ ብዙ ሰው የሚገድለው የአንድ መኪና ብቻ አደጋ መሆኑን ፓርኩ ይናገራል። ነጂው ብቻውን ከመንገድ ይወጣል፣ ይገለበጣል ማለት ነው። ወይ ሳይነጋ ተነሱ፣ ወይ እዚያው እደሩ። ሁለት ቦታ ምረጡና ሌላው ይቅር።

ተሳፋሪውን አለመጠየቅ

መሪ የያዘው ሰው ብቻውን ይወስናል። ከኋላ ግን ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት አሉ። መኪና የሚያስመልሰው ልጅ አለ። በሚያምረው መንገድ ላይ መጸዳጃ ቤት እንደልብ አይገኝም፣ ምግብም እንደዚያው። እናቶች "እኔ ምንም አልል፣ እንደፈለጋችሁ" ይላሉ። አትመኑ፤ ደግማችሁ ጠይቁ።

መሄጃና መመለሻው አንድ መሆን አለበት ማለት

ሰርጉ ቅዳሜ ከሆነ ሐሙስ ማታ ወይም ዓርብ በማለዳ በ15 ሂዱ። ሰኞ ፈቃድ ካላችሁ ጠዋት በኬልሶ በኩል ተመለሱ። ከሰርጉ የተረፈው ድፎ ዳቦ ስንቅ ይሆናል። ኬልሶ ያለው የ1924ቱ ባቡር ጣቢያ ጋ ቆማችሁ ብሉት፤ ጥላ አለ። ሰኞ ሥራ ካላችሁ ግን እሁድ ከቁርስ በፊት በ15 ተነሱ።