በሰፈር ግሩፕ በጎ ለመሥራት ሲነሡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በቦሌ አራብሳና በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች ጎረቤት ከደጃፍ ሰላምታ በፊት በቴሌግራም ግሩፕ ይተዋወቃል። ውሃ መጣ፣ መብራት ሄደ፣ ልጅ ጠፋ፣ የታመመ አለ፤ ሁሉም እዚያው ይለቀቃል። ይለቀቃል እንጂ የሚዘጋው ጥቂቱ ነው፤ አብዛኛው ጣጣም ከዚህ ይመጣል።

ቀን የሌለው አፋልጉኝ

«ልጃችን ዛሬ ጠዋት ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም» የሚል መልእክት ፎርዋርድ በተደረገ ቁጥር «ዛሬ» የሚለው ቃል አብሮ ይዞራል። ልጁ በማግስቱ ቤቱ ገብቶ፣ ከሦስት ወር በኋላ ጀሞ ያለ ሰው ገና ዛሬ የጠፋ ይመስለዋል። ፖሊስ ጣቢያ ማመልከት ወይም 991 መደወል ይቅደም። ከዚያ እንዲህ ይጻፉ፦ «ሐሙስ ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ፣ ቀይ ሹራብና ጥቁር ሱሪ እንደለበሰ»። ቦታውን ሲጽፉ ከብሎክ ቁጥሩ በፊት የሳይቱን ስም ያስቀድሙ። የብሎክ ቁጥር ከሳይት ሳይት ይደጋገማል፤ ስሙ ከተዘለለ ሰው የሌላ ሳይት ግቢ ሲያስስ ይመሻል።

ምልክቱን ሁሉ ዘርዝሮ መጨረስ

ስልክ ቁጥሩ በተለቀቀ በሰዓታት ውስጥ «ልጃችሁ እኔ ጋ ነው፣ የትራንስፖርት ላኩልኝ» የሚል ሰው ይደውላል። የተጨነቀ ወላጅ ደግሞ ሳያጣራ ይልካል። መከላከያው ቀላል ነው፦ አንድ ምልክት ከማስታወቂያው ያስቀሩ። የጫማው ቀለም ይሁን፣ ክንዱ ላይ ያለው ጠባሳ፣ ቤተሰብ ብቻ ይወቀው። ደዋዩን ያንኑ ይጠይቁት። ካልመለሰ፣ ወይም ልጁን ቅርብ ወዳለ ፖሊስ ጣቢያ ውሰድልን ሲሉት ካቅማማ፣ አንድ ብር አይላኩ።

ሲገኝ ዝም ማለት

ፎርዋርድ የተደረገ መልእክት ራሱን የቻለ ቅጂ ነው። ዋናውን ቢያርሙትም ቢያጠፉትም፣ ሌላ ግሩፕ የደረሰው እንዳለ ይቀመጣል። ግሩፕ ውስጥ የጻፉትን ለማረም ያለዎት ጊዜም 48 ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያውን የሰፈሩ ቻናል ላይ ያውጡና ጽሑፉን ሳይሆን ሊንኩን ያሰራጩ፤ የቻናል ጽሑፍ ቆይቶም ይታረማል። ልጁ ሲገኝ የመጀመሪያውን መስመር «ተገኝቷል» ብለው ከነቀኑ ይቀይሩ፣ ፎቶውን በሌላ ምስል ይተኩ፣ ስልክ ቁጥሩንም ያጥፉ። ሊንኩን የሚከፍት ሁሉ የሚያየው አዲሱን ነው። የልጅ ፊት ለዓመታት በየግሩፑ ሲንከራተት መኖር የለበትም።

በአንድ ሰው አካውንት፣ ያለ ልክ ማሰባሰብ

ለሕክምና ሲሰበሰብ ሦስት ነገር ከመጀመሪያው ይታወቅ፦ የሚፈለገው መጠን (ከሆስፒታሉ ፕሮፎርማ ጋር)፣ የሚዘጋበት ቀን፣ ገንዘቡን የሚያወጡት ሰዎች። ዕድር ካለ በዕድሩ አካውንት፣ ከሌለም ቢያንስ ሁለት ሰው በጣምራ የሚፈርምበት ይሁን። ፕሮፎርማው ሲለጠፍ የታማሚው የካርድ ቁጥርና የበሽታው ስም ይሸፈን፤ ድምሩ ብቻ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገር አለ። «ልኬያለሁ» ለማለት የባንኩን ወይም የቴሌብርን አጭር መልእክት ስክሪንሾት አድርጎ መለጠፍ ተለምዷል። መልእክቱ ቀሪ ሂሳብዎንም ይዟል። አምስት መቶ ብር ሰጥተው ያለዎትን ሁሉ ለሰፈር አነበቡ ማለት ነው። ስክሪንሾት በቀላሉ ስለሚቀባባ ማስረጃም አይሆን። የማስተላለፊያ ቁጥሩን ብቻ (የንግድ ባንክ ከሆነ በኤፍቲ የሚጀምረውን) ለሰብሳቢው በግል ይላኩ፤ እሱ ከአካውንቱ ጋር ያመሳክር። ሰብሳቢው በየማታው አንድ መስመር ይጻፍ፦ ዛሬ የገባ፣ እስካሁን ድምር፣ የቀረ። ልኩ ሲሞላ ይዘጋ። የተረፈ ካለ ወዴት እንደሚሄድ ሲጀመር ካልተነገረ ሐሜቱ አይቀርም።

«ተጠንቀቁ» ብሎ ታርጋ መለጠፍ

«ልጅ የሚሰርቅ መኪና ገብቷል» ከነታርጋው ሲለቀቅ፣ ባለመኪናው ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ ሊሆን ይችላል። ጨለማ መንገድ ላይ ወጣት ሲከበው ማን ያስረዳለታል? ታርጋውን ለ991 ይንገሩ። ለግሩፑ ራስዎ ያዩትን ብቻ፣ ከነሰዓቱ፣ ያለ ታርጋና ያለ ብሔር ይጻፉ። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨትን እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ያስቀጣል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል።

ተቀባይን ፎቶ ማንሣት

ለበዓል ዘይትና ዱቄት ሲታደል እናቶችን አሰልፎ ማንሣት ነውር ነው። ሪፖርት ካስፈለገ የተደረደረውን ዕቃና የፈረሙበትን ወረቀት፣ ስሙን ሸፍነው፣ ያንሡ።

በአማርኛ ብቻ መጻፍ

በከተማዋ ጠርዝ ላይ አጠገብዎ የሚኖረው ገበሬ ቤት የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ነው። የጠፋውን ልጅ ማሳ ዳር መጀመሪያ የሚያየውም እሱ ሊሆን ይችላል። አፋልጉኙን በሁለቱም ቋንቋ፣ በጽሑፍ ይልቀቁት። ረጅም የድምፅ መልእክት ብዙ ሰው አይከፍተውም፤ በኋላ ፈልጎ ለማግኘትም አይመች።