የድሬዳዋን የድሮ መኪና ሻጮች በፎቶና በፖስት ካርድ እንዴት እናፈላልጋለን?

«መኪና ሻጭ» የሚል ታፔላ ብቻ እየፈለጋችሁ ከሆነ ብዙ ትደክማላችሁ። የያኔ ትልልቅ ነጋዴዎች ሁሉን ነገር ይነግዱ ነበር። የየመኗ ወደብ የኤደን ነጋዴ የነበረውን አንቶኒን ቤስን ውሰዱ፤ ቡናና ቆዳ እየነገደ የሼል ነዳጅ ወኪልም ነበር። ስለዚህ የምትፈልጉት የመኪና ፋብሪካ ወኪል የነበረውን ነጋዴ ነው።

1. ከቤተሰብ አልበም ጀምሩ። ከዚራም መጋላም ሰፈር ጠይቁ፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበሩ ቤተሰቦችን ግን አስቀድሙ። መኪናው ከጅቡቲ የሚመጣው በባቡር ነበርና የጣቢያ ፎቶ ውስጥ ሳይታሰብ ይገኛል። ለወሬ ከሰዓት በኋላ፣ በርጫ ላይ፣ ይመቻል። ፎቶውን ይዛችሁ አትሂዱ። እዚያው በስልክ አንሱት፣ ጀርባውንም ጭምር። አልበሙ ላይ ከተጣበቀ አትላጡት!

2. ጀርባውን አንብቡ። የፖስት ካርዱ ጀርባ በመስመር ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለመልእክት ከተተወ፣ ፈረንሳይ የታተመ ከሆነ ከ1903 መጨረሻ ወዲህ ነው። የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ ቴምብር ካለበት ከ1938 እስከ 1941 ባለው ጊዜ ተልኳል። ማኅተሙ ግን የሚነግራችሁ ካርዱ የተላከበትን ቀን ነው፤ ፎቶው ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት ቀድሞ ሊነሳ ይችላል።

3. የዘመን አቆጣጠሩን ለዩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካልገለጽኩ በቀር እዚህ የጻፍኳቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው። በአማርኛ «1920» ተብሎ የተጻፈ ፎቶ ግን በፈረንጅ 1927 ወይም 1928 ነው። የሐረር ቤተሰብ ደግሞ በሂጅራ ሊጽፍ ይችላል፤ 1345 ሂጅራ ማለት 1926 ወይም 1927 ነው። ዓመት ስታስቀምጡ አቆጣጠሩን አብራችሁ ጻፉ።

4. መኪናውን እዩ። ፎርድ ሞዴል ቲ ከ1908 እስከ 1927 ተሠርቷል። የፊት ራዲያተሩ የሚያብረቀርቅ ነሐስ ከሆነ ከ1917 ሞዴል በፊት ነው። አባቶቻችን ትሬንታ ኳትሮ የሚሉት ፊያት 634 ከ1931 ወዲህ የመጣ ነው። ይህ የሚሰጣችሁ «ከዚህ በፊት ሊሆን አይችልም» የሚል ወለል ብቻ ነው፣ አሮጌ መኪና ብዙ ዓመት ይነዳልና። ጽሑፉ የተገለበጠ ከመሰለ ፎቶው ሲታተም ተገልብጧል ማለት ነው፤ በስልክ አዙራችሁ አንብቡት።

5. ሱቅ ፊት የቆመ መኪና ሁሉ የሚሸጥ አይደለም። የባለቤቱ ወይም የደንበኛ ሊሆን ይችላል። እኔ የማምነው ሌላ ነገር አብሮ ሲታይ ነው፦ ታርጋ ያልተለጠፈባቸው ተመሳሳይ መኪኖች፣ የተደረደረ ጎማ፣ የቤንዚን ቆርቆሮ የተከመረበት በረንዳ፣ ገና ያልተፈታ የእንጨት ሳጥን። ከሁሉ በላይ ግን ግድግዳው ላይ ያለው ስም ነው። ፎቶውን አጉሉትና ፊደል በፊደል ገልብጡ፣ ያልታየውን በነጥብ ተዉት እንጂ በግምት አትሙሉት።

6. ስሙን በሁለት ማስረጃ አረጋግጡ። የነጋዴዎቹ ስም የግሪክ፣ የአርመን፣ የሕንድ፣ የየመን ይሆናል፣ አጻጻፉም ከወረቀት ወረቀት ይለያያል። ድሬዳዋ ራሷ በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ ሰነዶች በተለያየ ሆሄ ነው የምትጻፍ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግሞ «አዲስ ሐረር» ትባል ነበር። ሁሉንም እየቀያየራችሁ ፈልጉ። አዲስ አበባ ስትሄዱ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ቤተ መጻሕፍትና ወመዘክርን (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍቱን) ጎብኙ። ሐረር ላይ የሸሪፍ ሙዚየም አለ። የድሮ የፈረንሳይ ቆንስላዎችን ወረቀት የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ናንት ከተማ ያለውን የዲፕሎማሲ መዝገብ ቤት ጠይቁ፤ ጥያቄው ውስጥ የነጋዴውን ስም በሁሉም አጻጻፍ አስገቡ።