ሐሰተኛ የኮምፒዩተር ማጽጃ ሶፍትዌርን ለይቶ ማወቅና ከነርዝራዡ ማስወገድ

ኮምፒዩተር መንቀርፈፍ ሲጀምር ባለቤቱ በኢንተርኔት ላይ መፍትሔ ማሰሱ አይቀርም፤ ሐሰተኛ የማጽጃ ፕሮግራሞችም አድፍጠው የሚጠብቁት ይህችን ሰዓት ነው። አሠራራቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ብዙም አይለያይም፦ ምርመራውን በነጻ ያደርጋሉ፣ ብዛቱ የሚያስደነግጥ ችግር አገኘን ይላሉ፣ ከዚያም ለማስተካከል ክፍያ ይጠይቃሉ። አንዳንዶቹ ገንዘቡን ወስደው ምንም አይሠሩም፤ አንዳንዶቹ ማስታወቂያ የሚያዘንቡ ተጨማሪ ፕሮግራሞችን ይጭናሉ፤ የከፉት ደግሞ የይለፍ ቃልና የባንክ ካርድ ቁጥር ይሰርቃሉ።

የእነዚህ ፕሮግራሞች ዋነኛ ሸቀጥ ቁጥር ነው። በማያ ገጹ ላይ በቀይ ቀለም «1,348 ችግሮች ተገኝተዋል» የሚል ጽሑፍ ሲወጣ፣ ዝርዝሩን ከፍቶ የማየት ትዕግሥት ያለው ሰው ጥቂት ነው። ዝርዝሩን የከፈተ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ድረ ገጾች የሚያስቀምጧቸውን ኩኪዎች (ጥቃቅን የማስታወሻ ፋይሎች)፣ ዊንዶውስ ራሱ ለሥራው የሚፈጥራቸውን ጊዜያዊ ፋይሎች እና ቀደም ሲል የተራገፉ ፕሮግራሞች በሬጂስትሪ ውስጥ የተዉትን ቅሪት ነው። ሬጂስትሪ እጅግ ብዙ መረጃዎችን የሚይዝ የቅንብር መዝገብ በመሆኑ ጥቂት መቶ ባዶ መስመሮች ፍጥነቱን አይቀንሱትም። ማይክሮሶፍትም የሬጂስትሪ ማጽጃዎችን መጠቀምን እንደማይደግፍ በይፋ አስታውቋል። ዛሬ የተጫነ አዲስ ዊንዶውስ ላይ እንኳ ምርመራው ቢደረግ «ችግር» መገኘቱ አይቀርም።

ይህ የግምት ጉዳይ አይደለም፤ ፍርድ ቤት የደረሰ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ኦፊስ ዲፖ በተባለው ድርጅትና ሶፍትዌሩን ባቀረበለት በሰፖርት ዶት ኮም ላይ ያቀረበው ክስ የማታለያውን ብልሃት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በክሱ መሠረት ምርመራው ሲጀመር ደንበኛው አራት ጥያቄዎች ይቀርቡለት ነበር፦ ኮምፒዩተርዎ ይንቀረፈፋል? የቫይረስ ማስጠንቀቂያ ይመጣብዎታል? በተደጋጋሚ ይዘጋል? ያልጠሩት ማስታወቂያ ይወጣል? ከአራቱ አንዱ ላይ ምልክት ከተደረገ፣ ፕሮግራሙ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ነገር ምንም ይሁን ምን፣ የጎጂ ሶፍትዌር ምልክት መገኘቱን ያበስራል። ጉዳዩ የተቋጨው ኦፊስ ዲፖ 25 ሚሊዮን፣ ሰፖርት ዶት ኮም 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል በመስማማት ነው። በ2024ም ሬስቶሮ እና ሪኢሜጅ የተባሉት ድርጅቶች በተመሳሳይ ክስ 26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል።

ከምልክቶቹ ሁሉ ቀድሞ መጤን ያለበት ፕሮግራሙ እንዴት እንደመጣ ነው። ተፈልጎ ያልተጫነ፣ ከሌላ ነጻ ፕሮግራም ጋር ተጠቅልሎ የገባ ወይም በድንገት በተከፈተ ማስታወቂያ የተጠቆመ ማጽጃ ከመነሻው ሊጠረጠር ይገባል። ምርመራው በጥቂት ሰከንድ መጠናቀቁ፣ ጊዜ እያለቀ መሆኑን የሚቆጥር ሰዓት መታየቱ፣ ዋጋው ካርድ እስኪገባ ድረስ አለመገለጡ ተጨማሪ ማስረጃ ነው። ማስጠንቀቂያው ስልክ ቁጥር ከያዘ ግን ሌላ ማስረጃ መፈለግ አያስፈልግም፤ የማይክሮሶፍት የስህተት መልእክቶች ስልክ ቁጥር አይጽፉም። የፋይሉን ዲጂታል ፊርማ (አምራቹ ማን እንደሆነ የሚያረጋግጥ ምልክት) መመልከት ጠቃሚ ቢሆንም በቂ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሰርጎ ገቦች ጎጂ ኮድ የጨመሩበት፣ የታወቀው የማጽጃ ፕሮግራም የሲክሊነር 5.33 ቅጂ ትክክለኛ የአምራቹን ፊርማ እንደያዘ ነበር የተሰራጨው።

ወደ ማስወገዱ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር መለየት አለበት፤ ብዙ ሰው የሚደክመው እዚህ ላይ ተሳስቶ ነው። ማስጠንቀቂያው ከተጫነ ፕሮግራም ነው ወይስ ከብራውዘር? አንድ ድረ ገጽ የኮምፒዩተርን ዲስክ ሊመረምር አይችልም፤ በገጹ ላይ የሚሮጠው የምርመራ መስመር ተንቀሳቃሽ ሥዕል ብቻ ነው። ገጹ ማያ ገጹን ሙሉ ከሸፈነው የኢስኬፕ ቁልፍን ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ መያዝ፣ ቀጥሎም አልትን ከኤፍ 4 ጋር መጫን ያስፈልጋል። አልዘጋ ካለ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን በአንድነት በመጫን በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚያሳየውን ታስክ ማኔጀርን ከፍቶ ብራውዘሩን ማስቆም ይቻላል። ብራውዘሩ ዳግመኛ ሲከፈት የቀድሞ ገጾችን ልመልስ ወይ ብሎ ቢጠይቅ መልሱ «አይሆንም» መሆን አለበት።

በማያ ገጹ ቀኝ ጥግ ላይ በየደቂቃው ብቅ የሚለው «ቫይረስ ተገኝቷል» የሚል መልእክትም ብዙ ጊዜ የብራውዘር ማሳወቂያ ነው። ቀረብ ብሎ ለተመለከተው፣ ከደማቁ ርእስ ሥር በትናንሽ ፊደላት የብራውዘሩና የላኪው ድረ ገጽ ስም ተጽፎ ይገኛል። ባለቤቱ አንድ ቀን ሳያነብ «ፍቀድ» የሚለውን ተጭኖ የሰጠው ፈቃድ ነው። በብራውዘሩ ሴቲንግስ ውስጥ የድረ ገጾችን የማሳወቂያ ፈቃድ ዝርዝር ከፍቶ የማይታወቁትን ሁሉ መሰረዝ ችግሩን በሁለት ደቂቃ ይፈታዋል፤ ሌላ ምንም ማራገፍ አያስፈልግም።

ፕሮግራሙ በእርግጥ ዊንዶውስ ላይ የተጫነ ከሆነ በመጀመሪያ ኢንተርኔቱን ማቋረጥ ይመከራል። ሐሰተኛው ማጽጃ ያቀረበውን «አስተካክል» የሚል ቁልፍም መንካት አይገባም። በታስክ ማኔጀር ውስጥ ስሙን ፈልጎ በቀኝ አዝራር በመጫን ፋይሉ የሚገኝበትን ቦታ መክፈትና የፎልደሩን አድራሻ በወረቀት መጻፍ በኋላ ይጠቅማል። ከዚያ ሥራውን አስቁሞ በሴቲንግስ በኩል ወደ አፕስ መሄድና ዝርዝሩን በተጫኑበት ቀን ማስደርደር ያስፈልጋል። እኔ ሁልጊዜ ከስሙ ይልቅ ቀኑን አያለሁ፤ ሐሰተኛ ማጽጃ ብቻውን የሚገባበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ በዚያው ዕለት የገቡ ያልታወቁ ፕሮግራሞች አብረው ይጋለጣሉ።

የማራገፊያው መስኮት ራሱ ወጥመድ ሊሆን ይችላል። «ኮምፒዩተርዎ ያለ ጥበቃ እንዲቀር ይፈልጋሉ?» ብሎ ይጠይቅና ከሥሩ በትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ «ጥበቃዬን አቆይ»፣ ከጎኑ ደግሞ በማይነበብ ግራጫ ቀለም «ማራገፉን ቀጥል» የሚል ያስቀምጣል። አንዳንዱ በሦስተኛው ገጽ ላይ የቁልፎቹን ቦታ ያለዋውጣል፤ አንዳንዱም የ50 በመቶ ቅናሽ ያቀርባል። እያንዳንዱን ገጽ ሳይቸኩሉ አንብቦ እስከ መጨረሻው መሄድ ነው።

አልራገፍ ያለ ፕሮግራም በሴፍ ሞድ፣ ማለትም ዊንዶውስ እጅግ አስፈላጊ የሆኑትን ብቻ ይዞ በሚነሳበት አሠራር፣ ይሸነፋል። ሺፍትን ተጭኖ ይዞ «ሪስታርት» የሚለውን መምረጥ፣ በሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ላይ ከትራብልሹት ወደ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ከዚያም ወደ ስታርትአፕ ሴቲንግስ መግባትና ኮምፒዩተሩ ዳግም ሲነሳ 4 ቁጥርን መጫን ይበቃል፤ ዲስኩ በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የመልሶ ማግኛ ቁልፉ ሊጠየቅ ስለሚችል አስቀድሞ ማዘጋጀት ይገባል። አንዳንድ ማራገፊያዎች በሴፍ ሞድ አይሠሩም። እንዲህ ሲሆን በዚያው በሴፍ ሞድ ፕሮግራሙ በራሱ እንዳይነሳ አድርጎ፣ ወደ መደበኛው አሠራር ተመልሶ ማራገፍ ነው።

ማራገፍ ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሶ የሚመጣ ማጽጃ ባልኖረ ነበር። የሚመለስባቸው በሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው በታስክ ማኔጀር ውስጥ ያለው የስታርትአፕ ዝርዝር ነው፤ የማይታወቀውን ማሰናከል ጉዳት የለውም። ሁለተኛውና ሰው የሚረሳው ታስክ ስኬጁለር ሲሆን፣ እዚያ የተመዘገበ ሥራ ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ቁጥር ወይም በየሰዓቱ ፕሮግራሙን ሊጠራው ይችላል። የእያንዳንዱን ሥራ «አክሽን» ክፍል ከፍቶ በወረቀት ከተጻፈው አድራሻ ጋር ማመሳከርና የሚገጥመውን ብቻ መሰረዝ ይገባል፤ በማይክሮሶፍት ስም ባለው ፎልደር ውስጥ ያሉትን መነካካት ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል። ሦስተኛው በር የብራውዘር ኤክስቴንሽን (በብራውዘሩ ላይ የሚታከል ትንሽ ፕሮግራም) ነው። በመጨረሻ የቀረውን ፎልደር መሰረዝ ይቻላል። ሬጂስትሪውን በእጅ መጎርጎር ግን አልመክርም፤ ጥቅሙ ኢምንት፣ ስህተቱ ውድ ነው።

አሁን ኢንተርኔቱን መልሶ ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ጸረ ቫይረስ፣ በማይክሮሶፍት ዲፌንደር፣ ሙሉ ምርመራ ማካሄድ፣ ጥርጣሬ ከቀረ ደግሞ የኦፍላይን ምርመራውን ማስኬድ ይገባል። ይህኛው ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ አስነስቶ ዊንዶውስ ሳይጀምር የሚመረምር ሲሆን 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ከማይክሮሶፍት ገጽ በነጻ የሚወርደው ሴፍቲ ስካነርም እንደ ሁለተኛ አስተያየት ያገለግላል፤ ከወረደ 10 ቀን በኋላ ስለማይሠራ በተፈለገ ጊዜ አዲስ ማውረድ ያስፈልጋል። በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ የማይፈለጉ ፕሮግራሞችን የሚያግደውን ቅንብር ማብራትም መዘንጋት የለበትም።

በማክ ላይ ሥራው አጭር ነው፦ በአክቲቪቲ ሞኒተር ፕሮግራሙን ማስቆም፣ ከአፕሊኬሽንስ ወደ መጣያው መጎተት፣ ከዚያም ማኩ ሲከፈት አብረው የሚነሱትን የያዘውን የሎግኢን አይተምስን ዝርዝርና ባለቤቱ ያልጫነው ፕሮፋይል (የቅንብር ፋይል) መኖር አለመኖሩን መመልከት።

ገንዘብ ከተከፈለ ቀዳሚው ተግባር ለባንክ ደውሎ ካርዱን ማሳገድና ክፍያውን መቃወም ነው። ብዙዎቹ በየዓመቱ የሚታደስ ክፍያ ስለሚያስሩ ፕሮግራሙን ማራገፍ ክፍያውን አያቋርጠውም። በስልክ የተገናኘ «ባለሙያ» ኮምፒዩተሩን ከርቀት እንዲቆጣጠር ተፈቅዶለት ከነበረ ደግሞ ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ አያስተማምንም፤ ሰነዶችን በሌላ ዲስክ አስቀምጦ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫንና የኢሜይልና የባንክ የይለፍ ቃሎችን ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ መቀየር ነው የሚሻለው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም መንቀርፈፉ ከቀጠለ ወደ መነሻው ጥያቄ መመለስ ይገባል። በዊንዶውስ ውስጥ ያለው ስቶሬጅ ሴንስ ጊዜያዊ ፋይሎችን ያለ ክፍያ ያጸዳል፤ በታስክ ማኔጀር ውስጥም ሜሞሪውን የሚበላው የትኛው ፕሮግራም እንደሆነ በግልጽ ይታያል። ዲስኩ ገና ምንም ሳይከፈት 100 በመቶ ተይዞ የሚቆይና የሚሽከረከረው የቀድሞው ዓይነት ከሆነ ግን መንቀርፈፉ ከዕቃው ነውና በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ፈጣን ዲስክ) ማስቀየር ያስፈልጋል።