የኤንቪዲያ አክሲዮን ይወጣል ወይስ ይወርዳል? በትንበያ ገበያ ላይ ገንዘብ የሚያስበሉ ስህተቶች

ሀዋሳ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ አመሻሽ ላይ ቡና የምንጠጣበት ቤት አለ። ድሮ የልጆቹ ወሬ ሁሉ የኳስ ትኬት ነበር። አሁን የአክስቴ ልጅና ጓደኞቹ ስልካቸው ላይ አፍጥጠው የሚያዩት የአሜሪካውን የኮምፒውተር ቺፕ ኩባንያ፣ የኤንቪዲያን አክሲዮን ነው። "ዓርብ ከዚህ ዋጋ በላይ ይዘጋል ወይስ አይዘጋም?" እያሉ ይወራረዳሉ።

እንደ ፖሊማርኬትና ካልሺ ያሉ፣ ሰው አንድ ነገር ይሆናል ወይም አይሆንም ብሎ ውል የሚገዛባቸው የትንበያ ገበያዎች፣ አሠራራቸው ለመረዳት አይከብድም። "አዎ" የሚለው ውል 60 ሴንት ከሆነ፣ ገበያው ለነገሩ የሰጠው ዕድል ወደ 60 ፐርሰንት ነው። ነገሩ ከሆነ 1 ዶላር ይከፈላችኋል፤ ካልሆነ ምንም የለም። ልጆቹ ገንዘባቸውን የሚያጡት ግን ሌላ ቦታ ነው። ያየሁትን አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

መንካትና መዝጋትን ማምታታት። ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፤ ጥያቄውን በደንብ በማንበብ ብቻ የሚቀር ስህተት ነውና። ዋጋው ዛሬ 180 ዶላር ነው እንበል። "እስከ ዓርብ 190 ይደርሳል?" የሚለውና "ዓርብ ከ190 በላይ ይዘጋል?" የሚለው አንድ አይደሉም፤ መዝጋት ማለት የቀኑ ግብይት ሲያበቃ ያለው የመጨረሻ ዋጋ ነው። ሐይቁ ዳር የቆመ ሰው ይሄ አይጠፋውም። ሞገዱ ቀን ላይ ግንቡን መምታቱና ውሃው ማታ ግንቡ ላይ መገኘቱ ይለያያል። እንዲያውም ልዩነቱን በግምት ማስላት ይቻላል። ዋጋው ረቡዕ 190 ነካ እንበል። ከዚያ በኋላ እስከ ዓርብ የመውጣቱም የመውረዱም ዕድል ግማሽ በግማሽ ገደማ ነው። ስለዚህ የመንካት ዕድል ከመዝጋት ዕድል እጥፍ ይጠጋል። ከ190 በላይ የመዝጋት ዕድሉ 15 ፐርሰንት ከሆነ፣ የመንካቱ 30 አካባቢ ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው የ15 ሴንቱን ውል በ30 ገዝቶ ይገባል።

ገበያው ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ አለማወቅ። የኒውዮርክ ገበያ በእነሱ ሰዓት ጠዋት 9፡30 ተከፍቶ ከሰዓት በኋላ 4፡00 ይዘጋል። በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት መግቢያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ከቀኑ 10፡30 ተከፍቶ ከምሽቱ 5፡00 ይዘጋል። ከዚያ በኋላ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ 11፡30 ተከፍቶ እኩለ ሌሊት 6፡00 ላይ ይዘጋል። ስልካችሁ ላይ ያለው ቁጥር ግን ገበያው ከተዘጋ በኋላም ይንቀሳቀሳል። ኤንቪዲያም የሩብ ዓመት ውጤቱን የሚያወጣው ከተዘጋ በኋላ ነው። የአክስቴ ልጅ አንድ ምሽት 5፡30 ላይ ዋጋው ወደ ላይ ሲፈናጠር አየ። በዚያ ቀን መዝጊያ ዋጋ ላይ "አዎ" የሚለው ውል 3 ሴንት ብቻ ነበር። "ጋሼ፣ በነፃ እየሰጡ ነው እኮ!" ብሎ ደወለልኝ። የቀኑ መዝጊያ ዋጋ ግን ከግማሽ ሰዓት በፊት ተወስኖ አልቋል፤ ከሚፈለገው በታች። የሸጡለት ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። አንድ ነገር እንዲህ ሲረክስ መጀመሪያ ሻጩ ምን እንደሚያውቅ ጠይቁ።

"ይሄማ ያለቀለት ነው" ብሎ 95 ሴንት መክፈል። ካሸነፋችሁ 5 ሴንት ታገኛላችሁ፤ ከተሸነፋችሁ 95 ይሄዳል። አንዱን ሽንፈት ለመሸፈን 19 ጊዜ ማሸነፍ አለባችሁ። እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን 2025 የቻይናው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ ዲፕሲክ ወሬ ሲናፈስ፣ ኤንቪዲያ በአንድ ቀን 17 ፐርሰንት ገደማ ወርዷል። ዓርብ 142 ዶላር አካባቢ የነበረው ሰኞ 118 አካባቢ ዘጋ። ዓርብ ማታ ያለቀለት የሚመስል ስንት ውል ነበር!

ጥሩ ዜና ሁሌ ዋጋ ይጨምራል ብሎ ማሰብ። ነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ኤንቪዲያ የ30 ቢሊዮን ዶላር ገቢ አሳወቀ፤ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት በ122 ፐርሰንት የበለጠ። በማግስቱ አክሲዮኑ 6 ፐርሰንት ገደማ ወረደ። ገዢዎቹ ከዚያም በላይ ጠብቀው ነበር። ዜናው ጥሩ መሆኑን ብቻ ሳይሆን ሰው ምን ያህል እንደጠበቀ እዩ።

የመግዣና የመሸጫ ዋጋን ልዩነት አለማየት። ሰው በሌለበት ገበያ በ60 ገዝታችሁ ወዲያው ልሽጥ ብትሉ 52 ይሰጧችኋል። 8 ሴንቱ ገና ሳይጀመር ሄደ።

ገንዘብን ለማያውቁት ሰው መስጠት። ፖሊማርኬት በዋናነት የሚሠራው በክሪፕቶ፣ ማለትም እንደ ቢትኮይን ባለ ዲጂታል ገንዘብ ነው፤ ብሔራዊ ባንክ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ እንደሆነ አስታውቋል። ስለዚህ ልጆቹ ቴሌግራም ላይ "ወኪል ነኝ" ለሚል ሰው ብር ያስተላልፋሉ። ሰውየው ቢጠፋ የት ይከሳሉ? የኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ በዚህ መንገድ ሲሄድ ስላየሁ ነው አጥብቄ የምለው፤ እባካችሁ አታድርጉት።

ትንበያን አለመመዝገብ። ሰው ያሸነፈበትን ያስታውሳል፣ የተበላበትን ይረሳል። የአክስቴን ልጅ አንድ ደብተር ገዝቼ ሰጠሁት። ብር ሳያስይዝ ጥያቄውን፣ ቀኑንና የሚሰጠውን ዕድል በፐርሰንት እንዲጽፍ ነገርኩት። ባለፈው ሳምንት አምጥቶ አሳየኝ። "80 ፐርሰንት" ብሎ ከጻፋቸው 10 ትንበያዎች የተሳኩት 5 ናቸው።