የልጅነት ትዝታዬ ለምን ሪፖርት ይሆንብኝ ነበር

ስለ አስተዳደጌ አጫጭር ትዝታዎች ለመጻፍ ወራት ታገልኩ። የጻፍኩት ሁሉ ይደርቅብኛል። «እናቴ ታታሪ ነበረች፤ ሁልጊዜ ማታ ማታ ትሰፋ ነበር» ብዬ እጀምራለሁ፤ ከዚያ መሄጃው ይጠፋኛል።

ችግሩ የገባኝ ጮክ ብዬ ሳነበው ነው። «ሁልጊዜ»፣ «ብዙ ጊዜ» የሚሉ ቃላት ገጹን ሞልተውታል። አንድም የተለየ ቀን የለም። ልማድ እየተናገርኩ ነበር እንጂ የሆነ ነገር እያሳየሁ አልነበረም።

ስለዚህ ያደግኩበትን ቤት ወረቀት ላይ በእርሳስ ሳልኩት። በሩን፣ መስኮቱን፣ አልጋዬን። የልብስ ስፌት መኪናው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። መብራት የጠፋበት አንድ ምሽት መጣልኝ። እናቴ ጨርቁን በጣቷ እየዳበሰች ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ያዝልኝ» ብላ የሸሚዝ ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጠች። ቁልፉ ከእጇ ሙቀት ይዞ ነበር።

ያንን ብቻ ጻፍኩ፤ 9 መስመር ወጣው። እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ንግግር ሁሉ አወጣሁ። ያላለችውን አፏ ውስጥ መክተት አልፈልግም። «ያዝልኝ» ግን በደንብ ትዝ ይለኛል፤ እሱ ቀረ። መጨረሻው ላይ «ምን ያህል እንደምትወደኝ ያኔ ገባኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረ። ሰረዝኩት። አሁን ጽሑፉ የሚያልቀው ቁልፉ መዳፌ ላይ እያለ ነው።