የቀዶ ሕክምና ልምምድ በቪአር ሲሙሌተር፦ ሲያስቸግር ምክንያቱና መፍትሄው

«ማሽኑ ተበላሽቷል» የሚል መልእክት ከሲሙሌሽን ክፍል (ሐኪሞች በሽተኛ ሳይነኩ በማሽን ከሚለማመዱበት ክፍል) ሲመጣ፣ ቴክኒሻን ከመጠራቱ በፊት ብልሽቱ የት እንዳለ መለየት ያስፈልጋል። በቨርቹዋል ሪያሊቲ (ቪአር)፣ ማለትም ኮምፒውተር በሚፈጥረው ምናባዊ ዓለም የሚሰጥ የቀዶ ሕክምና ልምምድ ሲሰናከል ችግሩ ከመሣሪያው፣ ከሠልጣኙ ሰውነት ወይም ከሥልጠናው ዕቅድ ሊመነጭ ይችላል። በእኔ ግምት ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው የመጀመሪያው ሲሆን ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው የመጨረሻው ነው። ከዚህ በታች የሚነሱት ችግሮች በሁለት ዓይነት መሣሪያዎች ላይ የሚታዩ ናቸው፤ አንደኛው መነጽር ተጠልቆ ምናባዊ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ የሚገባበት ሲሆን ሁለተኛው ያለ መነጽር፣ በስክሪንና በእጀታዎች የሚሠራው የላፓራስኮፒ (በሆድ ላይ በሚከፈቱ ትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና) ሲሙሌተር ነው።

መነጽሩን ያጠለቀው ሠልጣኝ ያቅለሸልሸዋል

ሠልጣኙ በደቂቃዎች ውስጥ ላብ ላብ ይለዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ግንባሩን ይወጥረዋል። ዋናው ምክንያት የስሜት ሕዋሳት አለመስማማት ነው፤ ዓይን «እየተንቀሳቀስሁ ነው» ሲል በውስጠኛው ጆሮ ያለው የሚዛን መጠበቂያ «ቆሜያለሁ» ይላል። መጽሐፍ እያነበበ በመኪና የሚጓዝን ሰው ከሚያስመልሰው ነገር ጋር ሲነጻጸር አቅጣጫው የተገላቢጦሽ ቢሆንም ውጤቱ አንድ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚፈተሸው፣ ሠልጣኙ በምናባዊው ክፍል ውስጥ የሚዘዋወረው በገዛ እግሩ ነው ወይስ አዝራር ተጭኖ እየተንሸራተተ ነው የሚለው ነው። ቀዶ ሕክምና አንድ ቦታ ቆመው የሚሠሩት ሥራ ስለሆነ በአዝራር መንሸራተትን ጨርሶ መዝጋት የሚያሳጣው ነገር የለም።

ቀጥሎ የሌንሶቹ ርቀት ይታያል። በሁለቱ የዓይን ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት በአዋቂዎች በአማካይ 63 ሚሊሜትር አካባቢ ቢሆንም ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንድ መነጽር ብዙ ሬዚደንቶች (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞች) በሚቀባበሉበት ክፍል ደግሞ ያለፈው ሰው ትቶት የሄደው ልክ ለሚቀጥለው ላይሆን ይችላል። ለምሳሌ ሜታ ኩዌስት 2 በተባለው የቪአር መነጽር ላይ ርቀቱ የሚስተካከለው 58፣ 63 እና 68 ሚሊሜትር በሆኑ ሦስት ደረጃዎች ብቻ ስለሆነ፣ ልኩ በመካከል የወደቀ ሰው በሁለቱም ወገን ያለውን ሞክሮ ጽሑፍ ጠርቶ የሚታይበትን መምረጥ አለበት። የእያንዳንዱን ሠልጣኝ ልክ አንድ ጊዜ ለክቶ ከስሙ ጎን ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ቀላል ዘዴ ነው፤ ብዙ ራስ ምታትም ይቀንሳል።

ጭንቅላት ሲዞር ምስሉ ወደ ኋላ የሚቀር ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው። ጭንቅላቱ በተንቀሳቀሰበትና ምስሉ በተከተለበት ቅጽበት መካከል ያለው መዘግየት ከ20 ሚሊሰከንድ በታች እንዲሆን ይመከራል፤ ኮምፒውተሩ ይህንን ካልቻለ የምስሉን ውበት ቀንሶ ፍጥነቱን መጠበቅ ይሻላል። የመጀመሪያዎቹ ልምምዶች ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባይበልጡ ይመረጣል። ያቅለሸለሸውን ሠልጣኝ «ይለመዳል» እያሉ ማስቀጠል ስህተት ነው፤ ማዞሩ ሳይለቀውም ወደ ኦፕሬሽን ክፍል መግባት ወይም መኪና መንዳት የለበትም።

በእጅ የተያዘው መሣሪያ ይዘላል ወይም ይጠፋል

መነጽሩ የእጅን ቦታ የሚያውቀው በራሱ ላይ በተገጠሙ ካሜራዎች ከሆነ፣ ደብዛዛ ብርሃን፣ መስታወት፣ የሚያብረቀርቅ ጠረጴዛና ምንም ምልክት የሌለው ነጭ ግድግዳ ያደናግሩታል። መስታወቱን መሸፈን፣ ብርሃኑን እኩል ማድረግና የመቆጣጠሪያውን ባትሪ መቀየር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። መጋረጃ የሚያስፈልገው ለሌላ ምክንያትም ነው፤ መነጽሩ ሌንሱን ወደ ፀሐይ አዙሮ መስኮት ዳር ከተተወ ሌንሱ ብርሃኑን ሰብስቦ የውስጡን ስክሪን ያቃጥለዋል፤ ይህ ዓይነቱ ጉዳት ደግሞ በማስተካከያ አይመለስም።

እጅ ወደ ቀኝ ሲሄድ ጫፉ ወደ ግራ ይሄዳል

የላፓራስኮፒ ሲሙሌተርን ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘ ሰው ይህንን ሲያይ ገመዱ ተገላብጦ የተሰካ ሊመስለው ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም። በእውነተኛው ቀዶ ሕክምናም መሣሪያው በሆድ ግድግዳ ላይ ባለው ቀዳዳ እንደ ማንሻ ስለሚዞር እጀታውና ጫፉ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጓዛሉ፤ በሲሙሌተር መለማመድ ከሚያስፈልግባቸው ምክንያቶች አንዱም ይህንን ግራ መጋባት በሽተኛ በሌለበት ማሳለፍ ነው። ብልሽት የሚባለው እጀታው ሳይነካ ጫፉ በስክሪኑ ላይ ሲንሸራተት ነው፤ ያን ጊዜ መሣሪያዎቹን ወደ መነሻ ቦታቸው መልሶ ልኬቱን እንደገና ማስተካከል ይገባል።

ሌላው ስሞታ «ሥጋው እንደ ጎማ ነው» የሚል ነው። በእጅ ላይ የሚሰማው ግፊት በሒሳብ የተሰላ በመሆኑ ከእውነተኛው ሕብረ ሕዋስ ሊርቅ ይችላል። ልምድ ያለው ቀዶ ሐኪም ሞክሮ የሩቅ ነው ካለ ግፊቱን መቀነስ ወይም ማጥፋት ይቻላል። ሐሰተኛ ግፊት ከሚለመድ ጨርሶ ባይኖር እመርጣለሁ።

ነጥቡ ይጨምራል፣ እጁ ግን አይሻሻልም

ከሁሉም አስቸጋሪው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ማሽኑም ሠልጣኙም ጤነኞች ናቸው። ሠልጣኙ በስክሪኑ ላይ ከፍተኛ ነጥብ እያስመዘገበ በአማካሪ ሐኪሙ ፊት ግን ሕብረ ሕዋስ ይጎትታል፣ በኤሌክትሪክ ሙቀት መተኮስ የሌለበትን ይተኩሳል። ሲሙሌተሩ የሚለካው በዋናነት ሰዓትን፣ የመሣሪያውን ጫፍ የጉዞ ርዝመትና ስህተቶችን ሲሆን፣ ሰዓቱ ጎልቶ ከታየ ሠልጣኙ ፍጥነትን ይለማመዳል። መፍትሄው የውጤቱን ቅደም ተከተል መገልበጥ ነው፦ በመጀመሪያ ስህተት፣ ቀጥሎ የጉዞ ርዝመት፣ በመጨረሻ ሰዓት። ከባድ ስህተት ያለበት ሙከራ የቱንም ያህል ቢፈጥን እንዳላለፈ ይቆጠር።

ሁለተኛው ምክንያት ልምምዱ የሚቆመው በሰዓት ወይም በሙከራ ብዛት መሆኑ ነው። «እያንዳንዱ ሠልጣኝ 10 ሰዓት ይለማመድ» የሚል መመሪያ ቶሎ የበቃውን ያሰለቻል፣ ያልበቃውን ያሳልፋል። በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ጥናት እዚህ ላይ ጥሩ አስተማሪ ነው። ከ16 ሬዚደንቶች ገሚሶቹ ሚስት-ቪአር በተባለ ሲሙሌተር የተለማመዱት ለተወሰነ ሰዓት ሳይሆን ልምድ ያላቸው ቀዶ ሐኪሞች ያስመዘገቡት ደረጃ ላይ እስኪደርሱ ነበር። ከዚያ በእውነተኛ በሽተኛ ላይ የሐሞት ከረጢትን ከጉበት ሲለዩ በ29 በመቶ ፈጥነው ጨረሱ፤ ያልተለማመዱት ደግሞ የሐሞት ከረጢቱን የመጉዳት ወይም ሌላ ሕብረ ሕዋስ የማቃጠል ዕድላቸው 5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ልብ ሊባል የሚገባው ሲሙሌተሩ ጉበትም ደምም የማያሳይ፣ ኳሶችንና ሣጥኖችን ብቻ የሚያሳይ፣ የእጅ ግፊትም የሌለው መሆኑ ነው። ምስሉ እውነተኛ ስላልመሰለ ሥልጠናው አልሠራም የሚል ሰው በገጠመኝ ቁጥር ይህንን ጥናት አነሳለታለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የዴንማርክ ጥናትም ተመሳሳይ ነው፤ ላፕሲም በተባለው ሲሙሌተር የተወሰነ ደረጃ ላይ እስኪደርሱ የሠለጠኑ የማህፀን ሕክምና ሬዚደንቶች የማህፀን ቱቦን በላፓራስኮፒ ለማውጣት የወሰደባቸው መካከለኛ ጊዜ (ሚዲያን) 12 ደቂቃ ሲሆን ሌሎቹን 24 ደቂቃ ወስዶባቸዋል። ደረጃውን ማንም ሆስፒታል በራሱ ሊያወጣ ይችላል፦ ልምድ ያላቸው ጥቂት ቀዶ ሐኪሞች መሣሪያውን ከለመዱ በኋላ ያንኑ ልምምድ ደጋግመው እንዲሠሩ ማድረግ፣ አማካይ ውጤታቸውን መያዝ፣ ሠልጣኙም ያንን ደረጃ በሁለት ተከታታይ ሙከራ ሲያሟላ ማሳለፍ። የአማካሪዎቹ ውጤት ከሠልጣኞቹ የማይለይ ከሆነ ልምምዱ ራሱ ችሎታን የማይለካ ስለሆነ ይቀየር። አማካሪ ሐኪሞችን ማሽኑ ፊት ማስቀመጥ ከባዱ ክፍል እንደሆነ አልክድም።

ባለፈው ወር የቻለው ዛሬ ጠፍቶበታል

ልምምዱ በአንድ ቀን ተጠቅልሎ ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል። በቶሮንቶ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ቪአርን ባይመለከትም ለዚህ ይጠቅማል፤ 38 ሬዚደንቶች የደም ሥር መስፋትን በአራት ክፍለ ጊዜ ተምረው ገሚሶቹ አራቱንም በአንድ ቀን፣ ገሚሶቹ በሳምንት አንድ ጊዜ ወስደዋል። ከአንድ ወር በኋላ ሲፈተኑ የተሻለ የሠሩት በሳምንት አንድ ጊዜ የተማሩት ነበሩ። ስለዚህ የሁለት ቀን ወርክሾፕ ከማዘጋጀት ያንኑ ሰዓት በሳምንታት ላይ መበተን ይመረጣል፤ ከውጭ የሚመጣ አሠልጣኝ ለሁለት ቀን ብቻ ከሆነ የሚቆየው፣ ቀሪውን ልምምድ የሚከታተል የአገር ውስጥ ሰው አስቀድሞ ይመደብ።

ክፍሉ ባዶ ነው

ማሽኑ አለ፣ ቁልፉ ግን ከአንድ ሰው ኪስ አይወጣም፤ ወይም ሬዚደንቱ ሌሊት ተረኛ አድሮ «በትርፍ ጊዜህ ተለማመድ» ይባላል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ በመሀል የጠፋ ልምምድ ውጤቱን ይዞ ስለሚጠፋ ሠልጣኙ ሁለተኛ አይመለስም፤ ለዚህኛው ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) መግጠምና ውጤቱን ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ማስቀመጥ ይበቃል። ለቀረው የሚሠራው ልምምዱን እንደ ማንኛውም ተረኝነት በፕሮግራም ሰሌዳው ላይ ሰዓትና ስም ይዞ እንዲወጣ ማድረግ፣ በዚያ ሰዓትም ሬዚደንቱን ከዋርድ የሚተካ ሰው መመደብ ነው።