በኔትወርክ ማርኬቲንግ ዙሪያ የወንጀል ልብ ወለድ ለምትጽፉ፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ሟቹ መኝታ ቤቱ ውስጥ ተገኝቷል። አልጋው ሥር ያልተሸጠ የሻይና የእንክብል ካርቶን ታጭቋል፤ ስልኩ ላይ ከአርባ የማያንስ ያልተመለሰ ጥሪ አለ። እንዲህ የሚጀምር ረቂቅ ሲሰጠኝ በጉጉት ነው የማነበው፤ ዕቃ እየሸጡና አዲስ አባል እያስገቡ ኮሚሽን የሚቀበሉበት ይህ ዓለም ለወንጀል ልብ ወለድ የተመቸ ነውና። ብዙዎቹ ግን ሠላሳኛው ገጽ ሳይደርሱ ይበላሻሉ፤ የሚበላሹትም እዚያው እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ትልቁ ስህተት ገዳዩን ከላይ መፈለግ ነው። ሙሉ ልብስ ለብሶ መድረክ ላይ የሚጮኸውን ባለ ውድ መኪና ሰውዬ አንባቢ ገና ሲገባ ይጠረጥረዋል። እሱ ሆኖ ከተገኘ መጽሐፉ አዲስ ነገር አልነገረንም። ይህ ንግድ የሚሄደው በዝምድና ነው። ሰው መጀመሪያ የሚያስገባው እህቱን፣ የሥራ ባልደረባውን፣ የማኅበር ጓደኛውን ነው። ስለዚህ የተበዳዩ ቂም የሚያርፈው አይቶት በማያውቀው አለቃ ላይ አይደለም፤ ቡና አፍልታ፣ በእናታቸው ስም ምላ ባስመዘገበችው እህቱ ላይ ነው። ተጠርጣሪዎቻችሁን ለቀስተኛው በተቀመጠበት የዕድር ድንኳን ውስጥ ፈልጉ። በተለይ መሀል ላይ ያለውን ሰው አትለፉት፤ አፕላይኑ (ከበላዩ ያለው፣ ያስገባው ሰው) ገንዘቡን የበላበት፣ እሱም በተራው የአምስት ሰው ገንዘብ ያስበላ። እንዲህ ያለ ሰው ለመርማሪ የሚናገረው የእውነቱን ግማሽ ብቻ ነው፤ ታሪኩ የሚቆመውም በደበቀው ግማሽ ላይ ነው።

ሌላው የክፍያውን አሠራር ሳያጠኑ መጻፍ ነው። «ብዙ ሰው አስገብቶ ከበረ» ብሎ ማለፍ ፍንጮቻችሁን ሁሉ ያመክናል። በግራና በቀኝ የሚከፈልበትን አሠራር ውሰዱ። አባሉ ከሥሩ ሁለት እግር፣ ማለትም የግራና የቀኝ የአባላት ቅርንጫፍ፣ አለው፤ ኮሚሽኑ የሚታሰበው በደካማው እግር ነው። በግራ 300፣ በቀኝ 4 ሰው ያለው አባል በወረቀት ላይ ትልቅ ሰው ነው፤ ኪሱ ግን ባዶ ነው። ቀኝ እግሩን ለመሙላት ምን ያደርጋል? ይበደራል፤ በልጁ ስም ይመዘግባል፤ ሲብስም የሟች አባቱን መታወቂያ ያወጣል። መርማሪያችሁ ከተቀበረ ሁለት ዓመት የሆነው ሰው ባለፈው ወር ዕቃ እንደገዛ ከመዝገቡ ላይ ቢያይ፣ ደም የነካው ቢላዋ አያስፈልጋችሁም። የአባልነት ቦታ ለወራሽ የሚተላለፍባቸው ኩባንያዎችም አሉ፤ ይህም ለግድያ በቂ ምክንያት ነው። ስሌቱንም በእጃችሁ ሥሩት። እያንዳንዱ ሰው ስድስት ስድስት ቢያስገባ አሥረኛው ደረጃ ላይ 60 ሚሊዮን ያልፋል፤ አሥራ አንደኛው ላይ ከ362 ሚሊዮን በላይ ስለሚሆን የኢትዮጵያ ሕዝብ አይበቃውም።

ሕጉንም አታደባልቁ። ቻርልስ ፖንዚ እ.ኤ.አ. በ1920 ቦስተን ውስጥ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ ብሎ ገንዘብ ሲሰበስብ የሚሸጥ ዕቃ አልነበረውም፤ ለቀደሙት የሚከፍለው ከኋለኞቹ ወስዶ ነበር። ዕቃ በእጅ ሲኖር ነገሩ ይከብዳል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1979 በአባላቱ በኩል ዕቃ የሚሸጠው ኩባንያ አምዌይ ፒራሚድ (ከሽያጭ ይልቅ በምልመላ ገንዘብ የሚኖር) አይደለም ብሎ ሲወስን፣ ያልተሸጠ ዕቃ መልሶ እንደሚገዛና አባላቱ ከገዙት 70 በመቶውን እንዲሸጡ የሚያስገድድ ደንብ እንዳለው አይቶ ነው። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 813/2006 የፒራሚድ ሽያጭን ይከለክላል። ታዲያ መርማሪያችሁ አምስተኛው ገጽ ላይ «ይህ ፒራሚድ ነው» ብሎ ካቴና ቢያወጣ ማን ያምነዋል? ገንዘቡ የመጣው ከሽያጭ ነው ወይስ ከምልመላ? ይህን ለማረጋገጥ ደረሰኝ በደረሰኝ ሲለቅም አሳዩን።

የስብሰባ ንግግሩን አታርዝሙት፤ አንድ አንቀጽ ይበቃል።

አለቃውን አሰውሮ መጨረስም ያጓጓል። ዋንኮይን የተባለው የሐሰት ዲጂታል ገንዘብ መሥራች ሩዣ ኢግናቶቫ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ከሶፊያ ወደ አቴንስ በርራ ጠፍታለች፤ ኤፍ ቢ አይ በ2022 ከአሥሩ ዋነኛ ተፈላጊዎቹ መካከል አስገብቷታል። በእውነተኛው ዓለም ይህ ይሆናል። መጀመሪያው ገጽ ላይ አስከሬን ያስቀመጠ ደራሲ ግን የአንባቢውን መልስ ይዞ መሰወር የለበትም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ሰለባውን ሞኝ አድርጎ መሳል ነው። አክስቴ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ነበረች፤ ለዓመታት የሰፈሩን ሴቶች ዕቁብ በዳኝነት ስትመራ አንዲት ሳንቲም አልጎደለችባትም። ስትመዘገብ የወርቅ ጉትቻዋን ሸጣለች። የሚያውቁትን መቶ ሰው ጻፉ ተብለው ነበርና፣ በሰማያዊ ደብተር ላይ በእርሳስ፣ በዚያ በአስተማሪ እጇ ቁጥር እየሰጠች ጻፈች። የገባው አጠገብ መስቀል፣ «ላስብበት» ያለው አጠገብ ክብ አድርጋለች። ነገሩ ሲፈርስ ከዕቁቡ ቀረች፤ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድበትን መንገድ እንኳን ለወጠች። ደብተሩን ያገኘሁት ከሞተች በኋላ ነው። ሦስተኛው መስመር ባዶ ነው። ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት ግን የእርሳሱ ስርጉድ ይነበባል፤ የእናቴ ስም ነው፤ የታናሽ እህቷ። ላጲሱ ወረቀቱን ሊበሳው ደርሶ ነበር።